ጫንያለው ለምን በሩ ላይ ቆመ? «ሄዶ መምታት ብቻ ነው» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ይኸው፣ ተነቃብህ» ብሎበታል። ጽሑፉ ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ያው በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ ጠረጴዛ ከበን የምንጫወተው ጨዋታ። ጸሐፊው ጎራዴ ይዞ ፊት ለፊት የሚገባ ተዋጊ መጫወት ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ።

ምክንያታቸው ስድስት ነው። አንደኛ፣ የቅርብ ተዋጊ ምርጫ የለውም፤ ሄዶ መምታት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ቀስተኛ ያንኑ ጉዳት ከሩቅ ሆኖ ያደርሳል። ሦስተኛ፣ «ከኋላዬ ያሉትን እጠብቃለሁ» የሚባለው ተረት ነው፤ ጠላት ዞሮ ያልፋል። አራተኛ፣ መያዝና መግፋት ምት ማባከን ነው። አምስተኛ፣ መከላከል የፈሪ ነው፤ የሞተ ጠላት አይመታም። ስድስተኛ፣ ደረጃ ሲጨምር አስማተኛው ሁሉንም ይበልጣል።

ጽሑፉ ጥሩ ነው። ጨዋታ ያውቃል፣ ያስቃልም። ግን እኔ ለአራት ዓመት የተጫወትኩት ጫንያለው የሚባል ተዋጊ ነው። ስሙን ያወጣሁለት ሥራው ሸክም መሆኑን አውቄ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላልና ጸሐፊውም እንደማይቆጡኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁጥር የምጠቅሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው አምስተኛው እትም ነው። ብዙ ሰው አሁንም የሚጫወተው እሱን ነው፤ ጸሐፊውም የጠቀሱት እሱን ነው። በካርታው ላይ ያለችውን ባለ 5 ጫማ ካሬ ደግሞ እንደ ሰንጠረዥ ተጫዋች «ቤት» እላታለሁ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ዋናውን ልናገር። ጸሐፊው ስድስቱንም የመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው። ተዋጊው ከጠላት ስንት ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) አወረደ? በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የላቸውም። እኔ ጫንያለውን የምመዝነው በሌላ ነው። ጠላት የት መቆም ፈልጎ የት መቆም አቃተው? ጠላት የፈለገባት ቤት ላይ ከደረሰ ጫንያለው ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ሃያ ጉዳት አድርሶ ቢሆንም እንኳ።

ከሁለተኛው ነጥብ ልጀምር፤ ግማሹ እውነት ነውና። ሜዳ ላይ ከሆነ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ረጅም ቀስት እስከ 150 ጫማ ያለ ችግር ይመታል። በዲስአድቫንቴጅ (ዳይስ ሁለት ጊዜ ጥሎ ትንሹን በመውሰድ) ከሆነ ደግሞ እስከ 600 ጫማ። ጫንያለው በአንድ ተራ የሚራመደው 30 ጫማ ነው። ሜዳ ላይ ቀስተኛ ሲገጥመኝ እኔም ደስ አይለኝም።

ግን ስንቱ ውጊያ ነው ሜዳ ላይ የሚሆነው? የጨዋታው ስም ራሱ ዳንጀን ነው፤ ከምድር በታች ያለ ጠባብና ጨለማ ክፍል። ክፍሉ 40 ጫማ ከሆነ የቀስቱ 150 ጫማ ምን ሊሠራ ነው? ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ በተራው 30 ጫማ ይሄዳል፤ ከሮጠ 60። በሁለተኛው ዙር ቀስተኛህ አፍንጫ ሥር ነው። ጠላት አጠገቡ የቆመ ቀስተኛ ደግሞ ዳይሱን ሁለት ጊዜ ጥሎ ትንሹን ይወስዳል። ቀስተኛው ዘና ብሎ የሚተኩሰው አንድ ሰው ጠላቱን ራቅ አድርጎ ስለያዘለት ነው። ያ ሰው በጸሐፊው ስሌት ውስጥ የለም።

የሚበር ጠላት ሲመጣስ? ለዚህ ጫንያለው ጀርባው ላይ አምስት ጃቭሊን (የሚወረወር ቀላል ጦር) አለው። ጃቭሊን በጉልበት ነው የሚወረወረው። እስከ 30 ጫማ በደንብ፣ እስከ 120 ጫማ እየተንገዳገደም ቢሆን ይደርሳል። ዋጋው አምስት የብር ሳንቲም ነው። ይህን ሳይገዛ ከከተማ የሚወጣ ተዋጊ ካለ ጸሐፊው ቢሰድቡት አልከላከልለትም።

መወርወር ከተነሳ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ አለ። በዚህ ጨዋታ ሕግ ጦር በእጅ ሲወጋበት የሚደርሰው 5 ጫማ ብቻ ነው። ከጩቤ እኩል! ሃልበርድና ፓይክ የሚባሉት ባለ ረጅም እጀታ መሣሪያዎች 10 ጫማ እየደረሱ ጦር እንደ ጩቤ። አያቶቻችን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? እንለፈው።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ልብ ነው። እኔም እዚህ ላይ ቁጭ እላለሁ።

የጸሐፊው ክርክር እንዲህ ነው። ጠላት ከአጠገብህ ሲርቅ አንድ ጊዜ የመምታት ዕድል አለህ፤ ኦፖርቹኒቲ አታክ የሚባለው። እሱም ሪአክሽንህን (ከተራህ ውጭ የምታደርጋትን ድርጊት) ይወስዳል፤ ሪአክሽን ደግሞ በዙር አንድ ናት። አምስት ጎብሊን ቢመጣ አንዱን ትመታለህ፣ አራቱ እየሳቁ ያልፉሃል። እንዲያውም ጎብሊን በቦነስ አክሽን (በተራው ላይ ባለችው ትርፍ ድርጊት) ዲስኢንጌጅ ማድረግ፣ ማለትም ሲርቅ ምት ሳይቀምስ መሄድ፣ ስለሚችል አንዱንም አትመታም።

ይህ ሁሉ ትክክል ነው። እንዲያውም ጸሐፊው ያልጠቀሱትን ልጨምርላቸው። ጠላት ከምትደርስበት ርቀት እስካልወጣ ድረስ በዙሪያህ ቢሽከረከርም ምንም አታደርገውም። ሕጉ ይኸው ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ተዋጊ ማንንም አይጠብቅም ብለው ደመደሙ። እኔ ከዚሁ ሕግ የተማርኩት ክፍል መሃል አለመቆምን ነው።

ሕጉ ሌላም ነገር ይላልና። ጠላት አንተ የቆምክባት ቤት ውስጥ ማለፍ አይችልም። በመጠን ቢያንስ ሁለት ደረጃ ካልበለጠህ ወይም ካላነሰህ በስተቀር። ጎብሊን ከሰው የሚያንሰው በአንድ ደረጃ ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ስፋት ባለው መተላለፊያ ላይ ከቆምክ የጎብሊኑ ዲስኢንጌጅ ፋይዳ የለውም። ዲስኢንጌጅ ምት ያስቀራል እንጂ ግድግዳ አያፈርስም።

አሁን አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ደረጃ 3 ላይ ነበርን። ካርታውን ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ነበር የሳልነው። ስድስት ጎብሊን ነበሩ፤ ስድስት የቢራ ቆርኪ። ጫንያለው የአምቦ ውሃ ቆርኪ ነው፤ ትንሽ ጠመም ብሏል፣ ግን ሰው አይረግጠውም። ከእኔ ጋር አንዲት ሌባ፣ አንድ አስማተኛና አንድ ክሌሪክ (ቁስል የሚያክም ካህን) ነበሩ። በእኛና በጎብሊኖቹ መሃል አንድ በር አለ።

እኔ ምን አደረግሁ? ጀግና ነኝና ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። «ማንም አያልፍም!» ብዬም ፎከርኩ። በእርግጥም ማንም አላለፈም። ግን በሩ ክፍት ስለሆነ ስድስቱም ያዩኛል። ሁለቱ በጎራዴ መጡ፣ አራቱ ከኋላ ሆነው በቀስት ለቀቁብኝ። የእኔ ሰዎች ደግሞ ከኋላዬ ታጉረዋል። ክሌሪኩ መዶሻውን ይዞ ጀርባዬን ያያል። ሌባዋ በትከሻዬ ላይ አሳልፋ ስትተኩስ ጎብሊኑ እኔን ተከልሎ መከላከያው (እሱን ለማግኘት ዳይሱ መድረስ ያለበት ቁጥር) በ2 ከፍ ይላል። በሩን የዘጋሁት በራሴ ጓደኞች ላይ ነበር። በሁለት ዙር ከ28 ሂት ፖይንቴ 17ቱ ሄደ።

ሌባዋን የምትጫወተው ልጅ ሻይዋን አስቀመጠችና «ለምን ወደ እኛ አትመጣም?» አለችኝ። በጣቷ ቆርኪዬን ገፋ አደረገችው። ከበሩ ወደ እኛ ክፍል አንድ ቤት፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ። ክሌሪኩን በቀኝ አቆመችው። ራሷና አስማተኛው ከኋላ በየጥጋቸው ገቡ። ከበሩ ፊት ያለችው ቤት ባዶዋን ቀረች።

(ወደ ኋላ ስል ከሁለቱ ጎብሊኖች ምት ቀምሻለሁ። ሒሳቡን ያለ ዋጋ አልተማርኩትም።)

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን እዩልኝ። ቀስት የያዙት አራቱ ጎብሊኖች በበሩ አሾልከው ሲያዩ የሚታያቸው ባዶ ወለል ነው። እኔ ግድግዳ ጀርባ ነኝ። ሊመቱን ከፈለጉ መግባት አለባቸው። በሩ አንድ ቤት ስለሆነ የሚገቡት አንድ በአንድ ነው። የመጀመሪያው ጎብሊን ባዶዋ ቤት ላይ ሲቆም በግራው እኔ አለሁ፣ በቀኙ ክሌሪኩ፣ ከፊቱ የሌባዋ ቀስት። ሌባ ደግሞ ከዒላማዋ አጠገብ እንደ እኔ ያለ ሌላ የዒላማው ጠላት ከቆመ የድብቅ ምቷን ታገኛለች። በደረጃ 3 ሁለት ተጨማሪ የጉዳት ዳይስ ነው። እኔ እዚያ የቆምኩት ብቻ ለሷ ሁለት ዳይስ ሆነ።

ጸሐፊው «አንዱ ሾልኮ ቢያልፍስ?» ይሉኛል። ሾልኮ አለፈ እንበል። ቦነስ አክሽኑን ለዲስኢንጌጅ ስላዋለው በዚያ ተራ መትቶ መደበቅ አይችልም። አራት ሰው መሃል ብቻውን ቆሟል። ይለፍ!

«ጎብሊኖቹ ባይገቡስ?» ቢሉኝ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ካልገቡ ክሌሪኩ ቁስሌን ያክማል፣ ትንፋሽ እንወስዳለን። ሌላ መውጫ ካላቸው ዞረው ሊመጡብን ይችላሉ፤ እሱን መጠርጠር የእኛ ፋንታ ነው። የእኛ ዲኤም (ጨዋታውንና ጠላቶቹን የሚመራው ሰው) ግን ትዕግሥት የለውም። አስገባቸው። ከዚያ በኋላ በአራት ዙር ስድስቱም አለቁ።

ጫንያለው በገዛ እጁ የገደለው አንድ ጎብሊን ነው። በጸሐፊው ሚዛን ያን ማታ እንቅልፍ ላይ ነበር።

ለመጠበቅ የተሠሩ ችሎታዎች መኖራቸውንም አይርሱ። ሴንቲነል የሚባለውን የወሰደ ተዋጊ ዲስኢንጌጅ ያደረገውንም ሲርቅ ይመታዋል። ምቱ ካገኘው ደግሞ ጠላቱ እዚያው ይቆማል፤ በዚያ ተራ አንዲት ጫማ አይሄድም። የጨዋታው አዘጋጆችም የሰው መጠበቅን ነገር አልረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አራተኛው እትም ተዋጊ የመታውን ጠላት «ምልክት» ያደርግበት ነበር። ምልክት ያለበት ጠላት ተዋጊውን ትቶ ሌላ ሰው ሲመታ በዳይሱ ላይ 2 ይቀነስበታል። ብዙ ሰው ያን እትም ይሰድበዋል። እኔ ይህቺን ነገሩን እስካሁን እናፍቃታለሁ።

አምስተኛውን እዚህ ላይ ላንሳ፤ ከበሩ ነገር ጋር የተያያዘ ነውና። «የሞተ ጠላት አይመታም» የምትለዋ አባባል ጠረጴዛ ሁሉ ላይ ትሰማለች። እውነት ናት። ጥያቄው በዚች ተራ የምር ትገድለዋለህ ወይ ነው።

ሒሳቡ ይኸውና። ጫንያለው በደረጃ 3 የሰንሰለት ጥሩርና ጋሻ ይዞ መከላከያው 18 ነው። ጎብሊን ባለ 20 ፊት ዳይሱ ላይ 4 ጨምሮ ስለሚመታ 14 እና ከዚያ በላይ መጣል አለበት። ከመቶ 35 ጊዜ ያገኘኛል። ዶጅ ካደረግሁ (መምታቱን ትቼ መከላከል ብቻ ከመረጥኩ) ሁለት ጊዜ ጥሎ ትንሹን ስለሚወስድ ከመቶ 12 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚያገኘኝ።

ዶጁን ትቼ ልምታው ብልስ? የጎብሊን መከላከያ 15 ነው፤ እኔ 5 ጨምሬ ከመቶ 55 ጊዜ አገኘዋለሁ። ሂት ፖይንቱ 7 ነው፤ በአንድ ባለ 8 ፊት ዳይስና 3 ተጨማሪ ለመግደል 4 እና ከዚያ በላይ መጣል አለብኝ። ሁለቱን ስታባዙት ከመቶ 34 ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሰንዝሬ አንድ ጎብሊን ብገድል ነው። ስለዚህ መተላለፊያው ጠባብ ሆኖ፣ ከኋላዬ ጓደኛዬ ወድቆ፣ ክሌሪኩ ሊያነሳው አንድ ዙር ሲፈልግ፣ እኔ ዶጅ አደርጋለሁ። ፈሪ ያለኝ ይበለኝ።

ሜዳ ላይ ግን ዶጅ አታድርጉ። ጠላት ትቷችሁ ወደ ሌላው ይሄዳል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ነጥብ ይውሰዱ።

አራተኛው ነጥብ፣ መያዝና መግፋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ጫንያለው ሞኝ ከሆነ በዚህ ነው።

ደረጃ 5 ላይ አንድ ኦግር የሚባል ግዙፍ ጭራቅ ገጠመን። ኦግሩ የተደፋ የቡና ስኒ ነበር፤ ትልቅ ስለሆነ አራት ቤት ይይዛል። ሂት ፖይንቱ 59፣ ዱላው አንዴ ሲያርፍ በአማካይ 13። አስማተኛው ሁለት ዱላ አይችልም። ከእኛ ጋር ደግሞ ባለ ትልቅ ጎራዴ ፓላዲን (በመሐላ የታሰረ ቅዱስ ተዋጊ) አዲስ ገብቷል።

በዚህ ደረጃ ተዋጊ በአንድ አክሽን (በተራው ዋና ድርጊት) ሁለት ጊዜ ይመታል። በ2014ቱ ሕግ አንዱን ምት በመግፋት፣ አንዱን በመያዝ መለወጥ ይቻላል። መግፋት ሲሳካ ጠላትን አንድ ቤት ማራቅ ወይም መሬት ላይ መጣል ትችላለህ። መያዝ ሲሳካ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። አሁን ሁለቱን አያይዟቸው። የወደቀ ሰው ለመነሳት የፍጥነቱን ግማሽ ይከፍላል። ፍጥነቱ ዜሮ ከሆነ ምን ይከፍላል? አይነሳም።

ጎራዴዬን ጣልኩት። ጋሻና ጎራዴ የያዘ ሰው ለመያዝ የቀረው እጅ የለም፤ ጋሻ ማውለቅ ሙሉ አክሽን ሲፈጅ ጎራዴ መጣል ግን በነፃ ነው። ዲኤሙ ቅንድቡን አነሳ። ጫንያለው 7 ጨምሮ ይጥላል፣ ኦግሩ 4 ጨምሮ። የእኔ የማሸነፍ ዕድል ከመቶ 62 ነው። ሁለቱም በአንድ ተራ የመሳካታቸው ዕድል ከመቶ 38 ብቻ ነው፤ አላጋንንም። ግን አንዱ ባይሳካ በሚቀጥለው ተራ ይሞከራል። ያን ቀን መጣሉ ተሳካ፣ መያዙ ከሸፈ። አክሽን ሰርጅ (ተጨማሪ አክሽን የሚሰጥ የተዋጊ ችሎታ) ነበረኝ፤ ተጠቀምኩበት። ያዝኩት።

ስኒው ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተኛ።

ሌባዋ ግን ጮኸችብኝ። የወደቀን ጠላት አጠገቡ ሆኖ የሚመታ አድቫንቴጅ ያገኛል (ሁለት ጊዜ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል)፤ ከሩቅ የሚተኩስ ግን ዲስአድቫንቴጅ። የድብቅ ምቷም አብሮ ጠፋ። «አበላሸህብኝ!» አለችኝ። ልክ ናት፤ ሳልነግራት ነው ያደረግሁት። ቀስቷን ትታ ቀጭኗን ሰይፍ መዛ ቀረበች። ከዚያ በአድቫንቴጅ ወጋችው፤ የድብቅ ምቷም ተመለሰላት። ተዋጊ ጠላት ከመጣሉ በፊት ለቀስተኛው ይንገር፤ ትዳርም እንዲህ ነው የሚሉ አሉ።

ፓላዲኑ መጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው «ጋሻህን ጥለህ ትልቁን ጎራዴ ያዝ፤ ግሬት ዌፐን ማስተር ካለህ ሁልጊዜ ተጠቀምበት» ያሉትን ላንሳ። ይህ ችሎታ ዳይስህ ላይ 5 ይቀንስና ጉዳትህ ላይ 10 ይጨምራል። «ሁልጊዜ» የምትለዋ ናት የማትዋጥልኝ። 7 ጨምሮ የሚመታ፣ በአማካይ 11 የሚያወርድ ሰው እንውሰድ። መከላከያው 11 በሆነ ኦግር ላይ ችሎታውን ሳይጠቀም በምት በአማካይ 9.4 ያወርዳል፤ ሲጠቀም 12.6። በጣም ጥሩ። መከላከያው 18 በሆነ ባለ ጥሩር ላይ ግን ሳይጠቀም 5.5፣ ሲጠቀም 5.25። ከሰረ። ባለ ጥሩሩን መጀመሪያ ሌላ ሰው መሬት ላይ ከጣለለትስ? በአድቫንቴጅ ሳይጠቀም 8.25፣ ሲጠቀም 9.2 ገደማ። ያ ትልቅ ጎራዴ የሚያተርፈው አንድ ጫንያለው ቀድሞ ሲገፋለት ነው።

ኦግሩ ምን ማድረግ ይችላል? አክሽኑን ለማምለጥ ያውለዋል፤ ያኔ ዱላ የለም። ወይም ተኝቶ እኔን ይመታል፤ በዲስአድቫንቴጅ ስለሆነ የሚያገኘኝ ከመቶ 20 ጊዜ ነው። ዲኤሙ ሁለተኛውን መረጠና ሳተ። ስኒው ሳይነሳ ሞተ።

ለሁሉም እንደማይሠራ ግን አውቃለሁ። ከአንተ በመጠን ከአንድ ደረጃ በላይ የሚበልጠውን መያዝ አትችልም፤ ስለዚህ አዋቂ ዘንዶ ላይ አትሞክሩት። መናፍስትም አይያዙም። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው ሕግ ደግሞ የሁለት ወገን የዳይስ ፉክክሩ ቀርቶ ጠላት ራሱ የሚጥለው የማምለጫ ዳይስ ሆኗል። ሒሳቡ ይለወጣል፤ የወደቀና የተያዘ አለመነሳቱ ግን አልተለወጠም።

የመጀመሪያው ነጥብ፣ «ምርጫ የለውም» የሚለው፣ እስካሁን ባልኩት ግማሹ የተመለሰ ይመስለኛል። የት ልቁም፣ ማን ያየኛል፣ ሪአክሽኔን በማን ላይ ላውጣት፣ ልጣለው ወይስ ልምታው፤ እነዚህ ሁሉ ምርጫ ናቸው። ግን ለጸሐፊው አንድ ነገር ልመን። የ2014ቱ መጽሐፍ እነዚህን ምርጫዎች በተዋጊው ገጽ ላይ አይነግርህም። የተደበቁት የውጊያ ሕጉ ውስጥ ነው። አዲስ ተጫዋች የተዋጊውን ገጽ ብቻ አንብቦ «ሄጄ እመታለሁ» ቢል አልፈርድበትም።

አዘጋጆቹም ይህን ቅሬታ የሰሙ ይመስላል። በ2024ቱ ሕግ መሣሪያዎች የራሳቸው ጠባይ ተሰጥቷቸዋል። አንዱ ሲመታ ይጥላል፣ አንዱ 10 ጫማ ይገፋል፣ አንዱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሌላው የጠላትን ቀጣይ ምት ያዳክማል። ተዋጊ ከደረጃ 1 ጀምሮ የሦስት ዓይነት መሣሪያ ጠባይ ያውቃል። እነዚህ አራቱ ስለ ቦታና ስለ ጠላት መታወክ ናቸው። ተፎካካሪው ፓዝፋይንደር እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። በየተራው ሦስት አክሽን ይሰጥሃል፤ ሦስተኛው ምትህ ላይ ግን 10 ይቀነስብሃል። ሦስቴ ከመምታት ሁለቴ መትቶ ጋሻ ማንሳት ይሻላል። እዚያ ጨዋታ ላይ «ሄዶ መምታት ብቻ» የሚል ተዋጊ ቶሎ ይቀበራል።

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ሥር «ትልቁን ጠላት ቅድሚያ ስጠው» ያሉትንም አልቀበልም። አንድ ሂት ፖይንት የቀረው ጎብሊንና ሙሉ ጎብሊን እኩል ነው የሚመቱት። የቆሰለውን ጨርሱ። ስድስት ጠላት ላይ ቁስል ማከፋፈል ድግስ አይደለም።

ስድስተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልከራከርም። ከፍ ባለ ደረጃ አስማተኛ የማይሠራው ነገር የለም። ጫንያለው በደረጃ 11 ሦስት ጊዜ ሲመታ አስማተኛው ሰውን ወደ አቧራ ይለውጣል። በዚህ የተሸነፍኩ ይመስለኛል። እኛ ጠረጴዛ ግን እዚያ ደረጃ የደረሰ ጨዋታ እስካሁን አንድ ነው፤ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ያገባል፣ ጨዋታው ይበተናል። አብዛኛው ጨዋታችን ከደረጃ 1 እስከ 7 ነው። በዚያ ክልል አስማተኛ ድሃ ነው። በደረጃ 5 ያሉት ቀዳዳዎች (አንድ አስማት በሠራ ቁጥር አንድ የሚያወጣባቸው) በጠቅላላ ዘጠኝ ናቸው፤ ፋየርቦል የሚባለውን የእሳት ኳስ የምታስወረውረው የሦስተኛ ደረጃ ቀዳዳ ደግሞ ሁለት ብቻ። ትኩረት የሚጠይቅ አስማት ይዞ ከተመታ ዳይስ ጥሎ ማለፍ አለበት፤ ቢያንስ 10፣ ወይም የደረሰበት ጉዳት ግማሽ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን። ካላለፈ አስማቱ ይጠፋል። ኦግሩን መሬት ላይ የያዝኩት ለዚሁ ጭምር ነበር።

ከኦግሩ በፊት በነበረው ክፍል አስማተኛችን ሁለቱንም ፋየርቦል ጨርሷል። አንዱን ለአይጦች። ከኦግሩ በኋላ ሌላ በር ነበር፤ ከበሩ ሥር ብርሃን ይታያል፣ ድምፅም ይሰማል። ወረቀቱን አገላበጠ፣ ቀዳዳዎቹን በእርሳሱ ቆጠረ፣ ከዚያ የአምቦ ቆርኪዬን አንስቶ በሩ አጠገብ ከግድግዳው በስተግራ አስቀመጣት።

«ጫንያለው» አለ፣ «አንተ ቅደም።»